ለማልወደው ሶፋ የሚሆን ቀለም

ሳሎናችን ውስጥ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትልቅ የከፋይ ሶፋ አለ። ሰባት ሰው ያስቀምጣል። ልጅ ስላልወለድን እዚህ ቤት የኖርነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን፤ ከሁለታችን ደግሞ ሶፋው ላይ የሚቀመጠው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ሶፋው ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥሁበትም። ባለቤቴ ሲሞት ሰው ሁሉ ያልተቀመጥሁበት በሐዘን ምክንያት መሰለው። እኔም እንዲመስለው ተውሁት። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ሲመጣ ግን ከል የማወልቅበት ቀን፣ ከመሬት ተነሥቼ በዘመድ ፊት ያ ሶፋ ላይ የምቀመጥበት ቀን ቀረበ። ግድግዳውም ለዚያ ቀን መቀባት ነበረበት።

ሶፋው የመጣው በሐምሌ ነው። ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ሥራው ከመሐል ሜዳ እየወጣ በየቀበሌው በግ መከተብ ነው። አንዳንድ ጊዜ እስከ ጓሳ ጥግ ድረስ በፈረስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሁለት ሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ይሰነብታል። ለስብሰባ ደብረ ብርሃን በወረደበት ጊዜ ደወለና «ወንበር ገዛሁ» አለኝ።

«ስንት ወንበር?»

«አንድ ነው። ግን ረጅም ነው።»

ወንበር እንደምፈልግ ያውቅ ነበር። ምን ዓይነት እንደምፈልግም ያውቅ ነበር። እዚሁ ከተማችን ካለ አናጢ ሁለት የእንጨት አግዳሚ አሠርቼ፣ እናቴ የተወችልኝን ባና ላለብሳቸው ነበር ሐሳቤ። ባናው የመንዝ በግ ጠጉር ነው፤ ትንሽ ይኮሰኩሳል እንጂ የሰው ዕድሜ ያገለግላል። አስተማሪ ነኝና ጠመኔ ከእጄ አይጠፋም፤ አግዳሚዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ለክቼ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሬ ነበር። ባለቤቴ መስመሩን አይቶታል። «እዚህ ነው የምትፈትኚን?» ብሎም ቀልዶበታል።

ሶፋውን የጫነው አይሱዙ የደረሰ ቀን ጉሙ አጥሩን እንኳ አያሳይም ነበር። ሶፋው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከድንች ጆንያ በላይ ተጭኗል። አራት ሰዎች አውርደው እስከ በሩ አደረሱትና ቆሙ።

«አይገባም» አለ አንደኛው ተሸካሚ።

«ሱቅ ውስጥ ገብቶ ነበር እኮ» አለ ባለቤቴ።

«የሱቅ በር የሱቅ በር ነው ጋሼ። ይኼ የሰው ቤት በር ነው።»

በጎን ሞከሩት፤ በቁመቱ ሞከሩት። ዝናቡ እየበረታ መጣ። በመጨረሻ መቃኑ ተነቀለ። ቤታችን ከላይ ሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ነው፤ ከመቃኑ ጋር ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ክንድ ያህል ተንዶ ወረደ። ሶፋው በዚያ ቀዳዳ ገባ። ላስቲኩ ሲነሣ አየሁት። መደገፊያው ላይ በየስንዝሩ ወርቃማ ቁልፍ ተሰክቶበታል፤ እግሮቹ እንደ አንበሳ መዳፍ ተቀርጸዋል። የመስኮቱን ግማሽ ጋረደው። የጠመኔው መስመር ከጀርባው ቀረ።

«ይኼማ የሙሽራ ነው» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ።

«የሬሳ ሣጥን ነው የሚመስለው» አልሁ እኔ።

ባለቤቴ ሳቀ። «ከሆነስ ሰባት ሰው ይይዛል» አለ። ተሸካሚዎቹም ሳቁ። ሲስቁ ይበልጥ ተናደድሁና እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ አልቀመጥም አልሁ። በሰው ፊት ያልሁት ስለሆነ ኋላ መመለሱ ከበደኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ለሁለታችንም ቀልድ ነበር። እኔ በርጩማዬን ከሶፋው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አስጠግቼ የተማሪዎቼን ደብተር ጉልበቴ ላይ አርማለሁ፤ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። በሁለተኛው ወር ቀልዱ ቀረ፤ በርጩማው ግን ቀጠለ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እመላለሳለሁ፤ ባለሙያ ናት ይሉኛል እንጂ መቀመጫ የለኝም የሚል አልነበረም።

የፈረሰው የበር ዳር በጭቃ ተለሰነ። ግድግዳው የድሮ ሰማያዊ ኖራ ነበረና ልስኑ በሁለቱም በኩል እንደ ቁስል ጠባሳ ሆኖ ታየ። ዝናቡ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ባለቤቴ «ግድግዳውን እንቀባው። ለሶፋው የሚስማማ ቀለም አንቺ ምረጪ» አለኝ።

«ሶፋውን የመረጠ ሰው ቀለሙን ይምረጥ።»

«እኔ የምመርጠውን አይተሻል እኮ» አለና በአገጩ ወደ ሶፋው አመለከተ።

ይቅርታ መጠየቁ ነበር። እሱ ከዚህ በላይ ይቅርታ መጠየቅ አይችልም፤ ይህንንም ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አውቄ ነው ያለፍሁት። በሚቀጥለው ጥቅምት ከሱቅ የቀለም ካታሎግ ተውሶ አመጣና በርጩማዬ ላይ አስቀመጠው። አንሥቼ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርሁት፤ ከሳምንት በኋላ ወስዶ መለሰው። በሦስተኛውም ጥቅምት ጠየቀኝ። በአራተኛው አልጠየቀኝም። በተከታዩ ወር፣ በኅዳር፣ አንድ ጠዋት ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ራሴን አለ። ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ ሞተ። ስለ መንገዱ ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አሁን አልችልም።

በእኛ አገር ለቅሶ ሲሆን የቤት ዕቃ ይወጣል። ቤቱ ባዶ ይሆንና ፍራሽ ይነጠፋል፤ ባለቤቲቱ መሬት ትቀመጣለች፤ ለቀስተኛውም በዙሪያዋ ይሆናል። ጎረቤቶች ሶፋውን ሊያወጡ ሁለት ጊዜ አነሡት፤ መቃኑ ካልተነቀለ አይወጣም። «ተዉት፤ ሰውዬው በር እንዳስፈረሰበት ይቅር፤ ካህናቱ ይቀመጡበት» አሉ አንድ ሽማግሌ። ስለዚህ ሶፋው እዚያው ሆኖ እኔ ከፊት ለፊቱ ፍራሽ ላይ ተቀመጥሁ። በርጩማዬ የነበረበት ቦታ ነው። ሰውነቴ ቦታውን ያውቀዋል፤ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁት።

ሠልስት ሲሆን ሴቶቹ ተነሺ፣ ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ ይገባል አሉኝ። እዚሁ ይሻለኛል አልሁ። አርባው ወጥቶ ፍራሹ ሲነሣ አንድ አጎዛ አንጥፌ እዚያው ቀረሁ። በርጩማዬን ማምጣት እችል ነበር። ግን በርጩማው ላይ ብቀመጥ፣ እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ድሮ ሐዘንተኛ ሚስት ዓመት ሙሉ ከመሬት አትነሣም ነበር ይባላል። ዛሬ ያን የሚያደርግ የለም፤ አርባው ሲወጣ ሁሉም ወደ ወንበሩ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ግን ስድስት ወር፣ ስምንት ወር መሬት ላይ ሆኜ ሲያዩኝ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። «የድሮ ሰው ሐዘን» አሉኝ። ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብለው ያናግሩኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ተነሥተሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ልቤን ያያል መባሉ ነው ያስፈራኝ።

ከሁሉ የበለጠ ያመሰገኑኝ የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ዘመሮ ይኖራሉ፤ በየወሩ በሚኒባስ እየመጡ ይጠይቁኛል። ወንድማቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ያሳደጉ ናቸው። አጎዛዬ ላይ ባዩኝ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ይሞላና «ወንድሜስ ሰው ነበረው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ሳልናገር ስለቀረሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መናገሩ ይበልጥ ይከብደኛል። እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ።

በጥቅምት መጀመሪያ እትዬ መጡና ግድግዳውን ዞረው ተመለከቱት። የለቀስተኛ ራስ ያረፈበት ሁሉ በቅቤ ጠቁሯል፤ በሩ ዳር ያለው ልስን ተሰነጣጥቋል።

«ሙት ዓመቱ በዚህ ግድግዳ አይሆንም» አሉ። «በዚያ ቀን ከልሽን አውልቄ፣ ክንድሽን ይዤ እነሣሽና ከሶፋው አስቀምጥሻለሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ቤቱ ለዚያ ቀን መቀባት አለበት። ተነሺ፣ ቀለም እንግዛ።»

ቀለም የሚሸጠው ሱቅ ከመናኸሪያው በላይ ነው። ሚስማርና ቆርቆሮም አለው። ባለሱቁ የባለቤቴን ሞት ያውቅ ስለነበር ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ እጅ ነሣን።

«ለውስጥ ነው ለውጭ?»

«ለውስጥ» አሉ እትዬ። «ሳሎን ነው። ሶፋ አለበት።»

«ሶፋው ምን ዓይነት ነው?»

«የወይን ጠጅ» አልሁ። «ከፋይ ነው። ወርቃማ ቁልፍ አለው።»

«እሱማ ጌጥ ነው።»

«ጌጥ ነው» አሉ እትዬ።

«እንዳይታይ የሚያደርገው የትኛው ቀለም ነው?» አልሁ እኔ።

ባለሱቁ ካታሎጉን ሊገልጥ የጀመረ እጁን አቆመ። «እንዳይታይ?»

«ብዙ እንዳይታይ።»

«ይህን የሚያደርግልሽ ቀለም አይደለም እናቴ፤ አንሶላ ነው» አለ።

እትዬ ሳቁና ክንዱን መታ አደረጉት። «ሐዘንተኛ ናት፤ ጌጥ አላይም ብላ ነው። አንተ ዝም ብለህ ክሬም ስጠን» አሉት። ክሬም ሰጠን። ለሙከራ ብዬ ትንሽ ግራጫና ትንሽ አረንጓዴም ጨመርሁ። በየጣሳው ቀድቶ አፋቸውን በላስቲክ አሰረልን።

ሦስቱንም ከሶፋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ሰፌድ ሰፌድ አሳክዬ በብሩሽ ቀባኋቸው። እትዬ ወደ ዘመሮ ተመለሱ፤ እኔ አጎዛዬ ላይ ሆኜ አያቸው ጀመር። ክሬሙ ሶፋውን አቀላው፤ ጥሬ ሥጋ አስመሰለው። ግራጫው ጉበት አደረገው። አረንጓዴው መጠጥ ቤት የገባሁ እስኪመስለኝ ድረስ አደመቀው። ጠዋት ጉም ሲሆን ደግሞ ሦስቱም አንድ ይሆኑና ሶፋው ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አያለሁ፤ እራት ስበላ አያለሁ። «አረንጓዴው ይሻል ይሆን?» ብዬ ጮክ ብዬ የጠየቅሁበት ቀን አለ።

ይህ እኮ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። እሱ ከሶፋው ላይ አረንጓዴው ይሁን ይል ነበር፤ እኔ ከበርጩማዬ እብድ ነህ እለው ነበር፤ አንድ ምሽት ይፈጅ ነበር። አራት ጥቅምት የከለከልሁት ያን አንድ ምሽት ነው። ያኔ ሶፋውን እየቀጣሁ ይመስለኝ ነበር።

በወሩ አጋማሽ እትዬ የበግ ጠጉርና እንዝርታቸውን ይዘው ለሁለት ቀን መጡ። ለሙት ዓመቱ ጌሾ እንወቅጣለን፣ ገብስ እንለቅማለን ብለን ነው። ከቀትር በኋላ ሥራው ጋብ ሲል እሳቸው ሶፋው ላይ ሆነው ይፈትላሉ፤ እኔ ከታች አጎዛዬ ላይ ገብሱን ሰፌድ ላይ እለቅማለሁ።

«እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ባሏ ሞተባት» አሉ እንዝርቱን እያሾሩ። «በነሐሴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አይሞላትም። አርባው እንደወጣ ወንበር ላይ ልቀመጥ፣ አልጋዬ ላይ ልተኛ ስትል አማቷ እኔ ዘንድ መጥተው አለቀሱ።»

«ለምን?»

«ልጄን ቶሎ ረሳችው ብለው ነዋ። ሄድሁና ልጅቷን መከርኋት። ስለ አንቺ ነገርኋት። የወንድሜ ሚስት የተማረች ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከአጎዛዋ አልተነሣችም አልኋት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? አፈረች። ተመልሳ መሬት ተቀመጠች። አሁንም እዚያው ናት።»

«የምትተኛውስ?»

«እዚያው። ትንሽ ሳል ይዟታል፤ የዘመሮን ብርድ ታውቂው የለ። ግን ትችለዋለች። አንቺ ችለሽው የለ?»

የእኔ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ከሥሬ ወፍራም አጎዛ አለ፤ አጠገቤ ከሰል ይነዳል፤ የምተኛውም አልጋዬ ላይ ነው። ሰፌዱን መሬት አስቀመጥሁት።

«እትዬ፣ እኔ የተቀመጥሁት በሐዘን አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«ሶፋውን ጠልቼው ነው። እሱ በሕይወት እያለም ተቀምጬበት አላውቅም። ሳያማክረኝ ገዛ ብዬ፣ አልቀመጥም ብዬ ምያለሁ።»

እንዝርቱ በክሩ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ቆመ። እትዬ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው የተቀመጡበትን ከፋይ አዩ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ዓመት ከአራት ወር።»

«እሱ እያለ?»

«እሱ እያለ። ከዚያም ይሄን ዓመት።»

«እሱስ ምን ይል ነበር?»

«ምንም። ለግድግዳው ቀለም ምረጪ ይለኝ ነበር።»

«መረጥሽለት?»

«አልመረጥሁም።»

ጠጉሩን ጠቅልለው ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱ። ነጠላቸውን አነሡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ በአንቺ ስም ሰው መሬት ላይ አስቀምጫለሁ» አሉ ብቻ።

ነገ ይሄዳሉ፣ ዛሬ ይደሩ፣ ምሳም አልበሉ አልሁ። አልበላም አሉ። እስከ አጥሩ ልሸኛቸው ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ሁለት ሰዓት እንደተቀመጡ ኋላ ሰማሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ መቀመጥን ከእኔ ቤት መርጠዋል።

ስድስት ቀን አልደወሉም። እኔም አልደወልሁም። ሙት ዓመቱ ላይ ባይመጡስ እያልሁ አስብ ነበር። ሰው የት ናቸው ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም መናገር ይኖርብኛል። ከዚያ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን እሳቸው ቢቀሩ፣ ወንድማቸውን እንደዚያ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቤቴ የማይገባ መሆኑ ነው። ስለ እሱ የምንነጋገረው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ልጅነቱን እሳቸው ይነግሩኛል፤ የቀረውን እኔ እነግራቸዋለሁ። እሱን የማገኝበት የቀረኝ መንገድ ያ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ጮኸ።

«ልጅቷን አነሣኋት» አሉ እትዬ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ምን ብለው?»

«ተሳስቻለሁ ብዬ ነዋ። በእርጅናዬ የሰው ቤት ሄጄ ተሳስቻለሁ አልሁ። አማቷ ያቺ አስተማሪስ ብለው ያዙኝ። ስለ አስተማሪዋ የማላውቀው ነገር ነበር አልኋቸው።»

«ሳሏስ?»

«ይሻላታል። ግድግዳው ተቀባ?»

«አልተቀባም።»

«ሰው ሊመጣ ነው። ቀቢው» አሉና ዘጉት።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ተመለስሁና ከሦስቱ አንዱንም አልፈልግም አልሁት። ባለሱቁ ካታሎጉን አውጥቶ ለእኔ ትቶ ሌላ ሰው ያስተናግድ ጀመር። ቅጠሉን እየገለጥሁ ሄጄ አንድ ቦታ ቆምሁ። የደረቀ የጓሳ ሣር ቀለም ነው፤ ቢጫም አይባልም፣ ግራጫም አይባልም። ባለቤቴ ከዚያ በኩል ሲመለስ ሱሪው ጫፍና ካልሲው ላይ ተሰክቶ ይመጣ ነበር፤ እኔ እየጠረግሁ እነጫነጭ ነበር። ባለሱቁ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው አለኝ። ሁለት ጋሎን ወሰድሁ።

ቀለም ቀቢው ጠዋት መጣ፤ ጎልማሳ ነው፣ ብዙ አያወራም። ሶፋውን ወደ መሐል ስበን ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ።

«ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም። ከሥር እየወጣ ያበላሸዋል። የለቀስተኛው ቀላል ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ከባድ ናቸው።»

አንደኛው ከሶፋው በስተግራ ጫፍ በላይ ያለ፣ የአንድ ሰው ራስ ያህል ጥቁር ክብ ነው። ሁለተኛው ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ነው።

«እዚህ ጋ ማነው የሚደገፈው?» አለ ሁለተኛውን እያሳየኝ።

«እኔ ነኝ።»

አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። «በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለባቸው» ብሎ በር ላይ ያለውን ልስን ሊያስተካክል ሄደ።

እኔ አጥባለሁ አልሁት። መጀመሪያ የራሴን አጠብሁ፤ ቶሎ ለቀቀ። ወደ ሶፋው በኩል ያለውን ልጀምር ስል ጨርቁን ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ቆሜ ቆየሁ። ባለቤቴ ራሱን ቅቤ አይቀባም ነበር፤ ብርድ ሲበረታ ግን ፀጉሩን ቫዝሊን ይቀባ ነበር። ሦስት ዓመት ከአራት ወር በየምሽቱ እዚህ ላይ ራሱን አሳርፎ ነበር። ቀለም ቀቢው ከበሩ ሆኖ «እማማ፣ ልርዳዎ?» አለ። አይ አልሁት። ያጠብሁበትን ውኃ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ቡናማ ሆኖ ነበር። መሬቱ እስኪመጠው ድረስ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ ገባሁ።

ግድግዳው ሁለት እጅ ተቀባ። ሶፋው በአዲሱ ቀለም አላማረም። ፀሐይ ሲሆን ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ጉም ሲሆን ግድግዳው የረጠበ ካርቶን ይመስላል፣ ሶፋውም ያው ሶፋ ነው። ቀለም ቀቢው «ይለመዳል» ብሎኝ ሄደ።

የሙት ዓመቱ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሰው መጣ፤ በላ፤ ጠጣ። እትዬ ዘግይተው ገቡ። ሰላም ሲሉኝ ጉንጫቸው ቀዝቃዛ ነበር። በክንዳቸው የነጭ ልብስ ጥቅል ይዘዋል። ወደ ጓዳ አስገብተውኝ ከሌን አወለቁልኝ፤ ነጩን አለበሱኝ፤ ነጠላውን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉ። ወደ ሳሎን ስንመለስ እንደ ወጉ አጎዛዬ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውም ጸጥ አለ። የንስሐ አባቴ ጸሎት አድርሰው ወደ እትዬ ተመለከቱ፤ እትዬ ክንዴን ይዘው የሚያነሡኝ አሁን ነው።

ጎንበስ ብለው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔ አላነሣሽም» አሉ። «ጤነኛ ነሽ። ራስሽ ተነሺ።»

ቀና ብለው ከአጠገቤ ቆሙ። ከበሩ በኩል ያሉት ሴቶች እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ይጠብቃሉ። እጄን መሬት አስደግፌ ተነሣሁ። ከአጎዛው እስከ ሶፋው አምስት እርምጃ አይሆንም። የግራውን ጫፍ አልነካሁትም፤ ባለቤቴ ሲጋደምበት የጎደጎደ ነው። መሐሉ ላይ ተቀመጥሁ።

እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰው ወሬውን ጀመረ፤ ሰሐን መንቀሳቀስ ጀመረ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«እንዴት ነው?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ጀርባዬን ከታች እስከ ላይ ይዞታል፤ ከወገቤ በታች የነበረው ሕመም እንኳ፣ ዓመቱን ሙሉ የለመድሁት፣ ሲላላ ይሰማኛል።

«ይመቻል» አልሁ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም ለወገቡ ብሎ ነው የገዛው» አሉ። «ነግሮኝ ነበር። ለወገቤና ለእሷ ወገብ ብሎኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ታስተምራለች ብሎ።»

ለእኔ አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ሶፋውን በሚመለከት የሚለውን አልሰማም ነበር። አንድ ሽማግሌ ከውጭ ገቡና መቀመጫ ፈለጉ። እኔና እትዬ ተጠጋግተን ቦታ ሰጠናቸው።